ጫፉ አረንጓዴ ብረት

«የሰውየውን ዓይን ያጠፋው የጌላ እሳት ነው፤ ሌላ ምን እንድል ነው የሚፈልጉት?»

ጉርሜል ይህን የሰማው ከወጥ ቤቱ በር ውጭ ነው፤ አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ ከትቶ ሌላውን ሊከት አጎንብሶ ነበር። ድምፁ የታላቅ ወንድሙ የሱርጃን ነው፤ ሻይ ፉት ባለ ቁጥር አረፍ እያለ የሚናገር፣ የጠገበ ሰው ድምፅ። የሚናገረው ለእናታቸው ነው። ጌላ የሚለው ደግሞ የጉርሜል የልጅነት ስም ሲሆን፣ ሱርጃን በዚህ ስም የሚጠራው ወይ አንድ ነገር ሊለምነው ወይ ሊንቀው ሲፈልግ ብቻ ነው። እናቱ ቢጂ ምድጃው ላይ ናቸው። ማማሰያው ድስቱን ሲታከክ ይሰማል፤ ለሠራተኞቹ የሚታደለውን ጣፋጭ እያማሰሉ ነው። «ዛሬ ከጸሎቱ በኋላ በሁሉም ፊት እናገራለሁ» አለ ሱርጃን። «እቶኑ ይዘጋል። ዳዮቹን ከእንግዲህ ውጭ ልኬ አስጠነክራለሁ። ጌላ ማሸጊያ ክፍል ይግባ። ካርቶን ለማጣበቅ እሳት አያስፈልግም።» በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ። ጉርሜል ሁለተኛውን ጫማ በእጁ እንዳንጠለጠለ እናቱ አንድ ነገር እስኪሉ ጠበቀ። አንዲት ቃል። «ተው» የምትል ብትሆን እንኳ ትበቃው ነበር። ማማሰያው ብቻ መታከኩን ቀጠለ።

ጉርሜል ሃያ ስድስት ዓመት ያንን እቶን አንድዷል። ሉድያና ከተማ ውስጥ ከቤታቸው ኋላ ያለችው ፋብሪካ ሰባት ፕሬስ አላት፤ ላሜራ እየቆረጡ የብስክሌት ጥርስ የሚያወጡ። ላሜራውን የሚቆርጠው ብረት ዳይ ይባላል፤ ከላይ የሚወርደው ወንዴ፣ ከታች የሚቀበለው ሴቴ ነው። ዳይ ጥሩ ከሆነ ፋብሪካው ይበላል፤ ዳይ ከተሰበረ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይተያያል። ድሮ በጉርሜል እጅ የጠነከረ ዳይ፣ አልፎ አልፎ እየተሳለ፣ ከመከር በዓል እስከ መብራቱ በዓል እስከ ዲዋሊ ላሜራ ሲያላምጥ ይከርም ነበር። ከዚያ ደንበኞች ወፍራም ላሜራ ማዘዝ ጀመሩ፣ የዳዩም አፍ ቶሎ ቶሎ ይዶለዱም ጀመር። ጉርሜል የተሻለ ብረት ይገዛ ብሎ ለመነ። ምሳ ላይ ለመነ፣ ሻይ ላይ ለመነ፣ ሱርጃን ጥምጣሙን ሲያስር መስታወት እየያዘለት ለመነ። ከዝናቡ በፊት ሱርጃን አንድ ቀን ጫፉ አረንጓዴ የተቀባ ክብ ብረት በሪክሻ አስጭኖ መጣና «ያው፣ የለመንከው ብረት። ከእንግዲህ ሰበብ የለህም» ብሎ እግሩ ሥር ጣለለት። ጉርሜል ብረት የሚሸጥላቸው ነጋዴ ስለለመነው ብረት ድሮ የነገረውን አንዲት ሳያጎድል አደረገ፤ ሙቀቱን፣ ቆይታውን፣ ዘይቱን። የመጀመሪያው ዳይ ሳምንት ሳይሞላው ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም። የሦስተኛው ወንዴ ሥራ ላይ እያለ ብትንትኑ ወጣና አንዱ ስባሪ የፕሬስ ሠራተኛው የራምዳኒ ግራ ዓይን ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉርሜል እጆቹን ሲያይ ነው የሚውለው። ሮቲ ቂጣውን ሲቆርስ ያያቸዋል፣ ፊቱን ሲታጠብ ያያቸዋል። ሚስቱ ፓሚ «ምን ጠፋብህ?» ስትለው ኪሱ ይከታቸዋል። እኔ ነኝ ያሳወርኩት ብሎ ለራሱ ከነገረው ሰንብቷል፤ አሁን ደግሞ ይኸው ከወጥ ቤት ተረጋገጠለት። ጫማውን አደረገና ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደ ፋብሪካው አለፈ።

ቀኑ የእጅ ሙያ አምላክ የሚባለው የባባ ቪሽዋካርማ ቀን ነው፤ የዲዋሊ ማግስት። በዚህ ቀን በዚያ ከተማ ማሽን የሚያስነሳ የለም። የእጅ ሙያተኛ ሁሉ፣ ሲኩም ሂንዱውም፣ መሣሪያውን አጥቦ፣ የአበባ ጉንጉን አጥልቆለት፣ ፊቱ ተቀምጦ ይጸልያል። በዚያ ዕለት ማብሪያ መጫን አባትን በጥፊ እንደ መምታት ነው። ከተማው በዓመት አንድ ቀን ዝም ይላል፤ የፕሬስ ኳኳታ የለመደ ጆሮም ዝምታው ያመዋል። ጉርሜል በባልዲ ነጭ ጋዝ ይዞ ከፕሬሶቹ ጀመረ። የግሪስ ቆሻሻውን ጠረገ፣ ሞርሳዎቹን አጠበ፣ የእቶኑን በር እንደ ሕፃን ፊት አበሰ። እቶኑ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ዘገየ። ነገ ይሄን በር የሚከፍተው የለም ብሎ አሰበና ያበሰውን እንደገና አበሰ።

ከግድግዳው ሥር የተደገፉትን ብረቶች በመጨረሻ አጠበ። አባታቸው የገዟቸው አሮጌዎቹ ብረቶች ጫፋቸው ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ ከብረቱ ጋር አርጅቶ ነጭ ጋዝ አይደለም እሳትም አያስለቅቀውም። ከአረንጓዴው ብረት የተረፈውን ክንድ የሚያህል ቁራጭ ሲያብስ ግን ጨርቁ አረንጓዴ ሆነ። ደግሞ አበሰው፤ ቀለሙ እንደ ቅቤ እየተንሸራተተ ወጣና ከሥሩ ዝገት የበላው፣ ሸካራ ብረት ብቅ አለ። ጉርሜል ተንበርክኮ እንዳለ ቀረ። አዲስ ብረት ከሥሩ እንዲህ አይዝግም። በሌላ ፋብሪካ፣ የተገዛ ብረት መጀመሪያ የሚሽከረከረውን የመሞረጃ ድንጋይ ይነካል፤ ብልጭታው ታይቶ ነው ስም የሚወጣለት። በነሱ ቤት ግን ይሄ አይደረግም። ብረት የሚገዛው ታላቅ ነው፣ እሳት የሚያነደው ታናሽ፤ አባታቸው የተከሉት ሕግ ነው። ታላቅ ያመጣውን ብረት ድንጋይ ላይ መፈተን ታላቅን ሌባ ብሎ በሰው ፊት መጥራት ነው። ስለዚህ ጉርሜል አልፈተነም። ዓይን እስኪጠፋ ድረስ አልፈተነም። አሁንም የመጣለት ሐሳብ ነጋዴው ወንድሜን አታለለው የሚል ነው። ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል ሲለው ታወቀውና በዚያ ቅለት አፈረ። የሰው ዓይን ጠፍቶ አንተ እጅህ ነጻ ወጣ ብለህ ትደሰታለህ? አለ ለራሱ።

ቢጂ በጓሮ በር ብቅ ብለው ሁለት ካርቶን ጣፋጭ ሰጡት። «ለራምዳኒ ውሰድለት» አሉ። ዓይኑን አላዩትም። ስለ ጠዋቱ ነገር ሊሉት የፈለጉ ይመስል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰና «ሞቅ እንዳለ ይብሉት» ብለው ተመለሱ።

ሱርጃን ከግቢው በር አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ነጭ አዲስ ልብስ፣ ቢጫ ጥምጣም። ፎቁ ባለፈው ወር አልቆለታል፤ እብነ በረድ ደረጃ፣ የብረት አጥር፣ ገና ከዝናቡ በፊት በበቀቀን አረንጓዴ የተቀባ ትልቅ በር። «ራምዳኒን እኩለ ቀን ላይ ይምጣ በለው» አለ። «የሥራ መነጽሩን አውልቄ ነበር ብሎ በሁሉም ፊት ከተናገረ የዘበኛው ወንበር የሱ ነው። በግማሽ ደሞዝ። እስኪሞት።»

«የትኛውን መነጽር፣ ቪርጂ?» አለ ጉርሜል፤ ቪርጂ የታላቅ ወንድም መጠሪያ ነው።

«ያለውን ነዋ!»

ያለው አንድ ነው። ለሰባት ፕሬስ አንድ መነጽር፣ ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል ተገዝቶ፣ ከባባ ሥዕል አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ፣ ፕላስቲኩ እስከ ዛሬ ያልተቀደደ። ጉርሜል ይህንን አልተናገረም። ዕድሜ ልኩን ታላቁን አንቱ እያለ፣ ሲናገር ጎንበስ እያለ የኖረ ሰው ነው። «እሺ» ብሎ ወጣ።

ራምዳኒ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ከቢሃር ከመጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ የሚኖረው አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ለአሥራ ስድስት ክፍል በሚያገለግልበት ግቢ ውስጥ ነው። ክፍሉ አልጋና ምድጃ ከያዘ በኋላ ለሰው የሚተርፈው ቦታ አንድ ሰው ቆሞ ልብስ የሚቀይርበት ያህል ነው። ኪራዩ ሁለት ሺህ ሩፒ፤ መብራቱ ለብቻ ይከፈላል፤ ቬንትሌተር ያለው ሰው ደግሞ ይጨምራል። ግድግዳው ላይ የልጆቹ የትምህርት ቤት ቦርሳ ተሰቅሏል። ራምዳኒ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ በፋሻ። ጉርሜልን ሲያይ ሊነሳ ሞከረና የግራውን ርቀት ስቶ ትከሻውን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨ። አንድ የብረት ብርጭቆ ወደቀ። ሚስቱ ፑልማቲ አነሳችው፤ ቀስ ብላ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ ብላ፣ ቦታው መለሰችው።

«ይቀመጡ ሚስትሪጂ» አለ ራምዳኒ። ሚስትሪ የሚባለው ባለሙያ ነው። ጉርሜል በዚያ ስም ሲጠራ ፊቱ ተለዋወጠ።

ስለ ዲዋሊው ርችት አወሩ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ። የዓይን ጠብታው ትንሿ ብልቃጥ አራት መቶ ስልሳ እንደገባች፣ ከሆስፒታሉ በር ላይ ካለው ሱቅ ይልቅ ባቡር ጣቢያው ጋ ያለው እንደሚረክስ አወሩ። ጉርሜል ጣፋጩን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦ የተላከበትን ተናገረ፤ እኩለ ቀን፣ መነጽር፣ ወንበር። ሲናገር የራሱን ድምፅ ጠላው። ፑልማቲ ሽንኩርት መላጧን አቆመች።

«መነጽር?» አለች። «እንግዲህ እኔ ቤት ውስጥ ደብቄው ይሆናላ! ፈልጉት እስቲ፣ ከአልጋው ሥር እዩ! ሰውዬው ዓይኑን ሰጥቷችሁ አሁን ደግሞ ምላሱን ፈለጋችሁ?»

«ተይ አንቺ» አለ ራምዳኒ።

«አልተውም። እሳቱ የኚህ ሰውዬ አይደል? ብረቱን ያቃጠሉት እሳቸው አይደሉም? ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው እኮ ነው!»

«እኔ ነኝ» አለ ጉርሜል። «እጄ ነው። ይቅር በሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።» ኪሱ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ነካው፤ አላወጣውም። ገና የሚያውቀው ነገር የለም፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ቆሞ ምናልባት ነጋዴው ይሆናል ማለት ከማምለጥ አይለይም። ራምዳኒ ፋሻውን በጣቱ ነካ አደረገ። ከዚያ «የሚገርመኝ ድምፁ ነው» አለ። «ስንት ዳይ ሲሰበር ሰምቻለሁ። የዚህኛው እንደ ሻይ ብርጭቆ ነው የጮኸው። ብረት እንዲህ አይጮህም፣ ሚስትሪጂ።» ከዚያም ወደ ልጆቹ ቦርሳ እያየ፣ «እመጣለሁ በሏቸው። ወንበሩ ያስፈልገኛል» አለ። ፑልማቲ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመረች። ቢላዋው ጣውላውን ሲመታ ጉርሜል ግቢውን ጨርሶ እስኪወጣ ይሰማው ነበር።

እንደ ብርጭቆ። ይህችን ቃል በአፉ እያላመጠ ወደ ብረት ተራ ሄደ። ሱቆቹ ዝግ ናቸው፤ ባለሱቆቹ በየደጃፉ ሚዛንና መጋዛቸውን አበባ አልብሰው ተቀምጠዋል። ላላ ቲርሎክን፣ አባታቸው ብረት ይገዙ የነበረበትን ሽማግሌ ነጋዴ፣ ግማሽ በሩን ከፍቶ ኦቾሎኒ ሲፈለፍል አገኘው። ጉርሜል ለሰላምታ እግሩን ለመንካት እንኳ አላጎነበሰም። ጨርቁን አውጥቶ ፊቱ ዘረጋው።

«ላላጂ፣ ከአባቴ ጋር ስንት ዓመት ሠሩ? ለኛ እንዲህ ያለ ብረት ይሸጣሉ?»

ሽማግሌው ጨርቁን አየ፣ ጉርሜልን አየ። «እኔ ለናንተ የሸጥኩት ብረት የታለ?» አለ። «ወንድምህ ከኔ ዘንድ ብረት ከገዛ እኮ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ነጋዴ ቀየሩ ብዬ ተቀይሜያችሁ ነበር።»

«ከዝናቡ በፊት። ጫፉ አረንጓዴ።»

«ለወፍራም ላሜራ የምሸጠው ብረት ጫፉ ቢጫ ነው፣ ልጄ። አረንጓዴ የምቀባው የለኝም።» ኦቾሎኒውን ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። «ከዝናቡ በፊትማ መጥቶ ነበር፤ አልዋሽም። እዚህ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። ለወፍራም ላሜራ አሮጌውን ሰማያዊ ብረት ተዉት፣ ይሄኛው አይሰነጠቅም፣ ዳዩ አራት እጥፍ ይኖርላችኋል፣ ውድ መስሎ ርካሽ ነው አልኩት። ኪሎውን ጠየቀኝ። አራት መቶ ሃምሳ ስለው፣ ላስብበት ብሎ ሄደ። በኋላ ከወዲያ መንገድ ካሉት አሮጌ ብረት ሻጮች ዘንድ የጭነት መኪና አክስል በስድሳ ሩፒ ሂሳብ አስጭኖ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። ለአጥሩ ይሆናል አልኩ እኔ። ዳይ ይሠራበታል ብዬ በምን ልጠርጥር?»

ጉርሜል ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ መለሰ። «አክስሉን በነገሩኝ ሙቀት ነው ያጋልኩት» አለ።

«በዚያ ሙቀት?» ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያማ ብርጭቆ ሠራህ።»

እንግዲያማ ብርጭቆ ሠራ። በተጠነቀቀ ቁጥር፣ ሰዓቱን ባየ ቁጥር፣ አንዲት ዲግሪ እንዳታልፈው እንቅልፉን ባጣ ቁጥር ይበልጥ ብርጭቆ እየሠራ ነበር። ወንድሙ ይህን ያውቃል። እሱም የሚስትሪ ልጅ ነው፤ ከአንድ እቶን ሥር ነው ያደጉት። የመጀመሪያው ዳይ ሲሰነጠቅ ያውቃል፣ ሁለተኛው ሲሰነጠቅ ያውቃል፣ ራምዳኒን በሪክሻ ሲያስጭን ያውቃል፤ ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ እናቱ ወጥ ቤት ገብቶ ሻይ ይጠጣል። ላላ ቲርሎክ ከመደርደሪያው ሥር ጫፉ ቢጫ የሆነ የጡጫ ያህል ቁራጭ አንስቶ ሰጠው። «ዛሬ አልሸጥም፤ ቀኑ አይደለም። ቁራጭ ነው፣ ውሰደው» አለ። ከዚያ ደግሞ ተከትሎት ደጃፉ ድረስ ወጣና «ቤት ውስጥ ጨርሱት፣ ልጄ። የሰው መሳቂያ አትሁኑ» አለው። ጉርሜል ቁራጩን ጨብጦ ሄደ።

ቤቱ ሲደርስ በአረንጓዴው በር ፊት ቆመ። ጨርቁን አወጣና በሩ ላይ ለጠፈው። አንድ ነው። የት ያበቃል ጨርቁ፣ የት ይጀምራል በሩ፣ አይለይም። ወንድሙ ሌላ ቀለም እንኳ አልገዛም። የላላን ቀለም እንኳ ምን ይሆን ብሎ አልጠየቀም። በሩን ሲያስቀባ ጣሳው ሥር የቀረችውን አንስቶ አክስል ቀብቶ ለታናሹ ጣለለት፤ ለጌላ ይሄም ይበዛበታል ብሎ። ጉርሜልን ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበው ይሄ ነው፤ ለማታለል እንኳ አልደከመለትም።

ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ተሰብስቧል። ሠራተኞቹ ሸራ ላይ በሰልፍ ተቀምጠዋል፣ ፓሚና የሱርጃን ሚስት ጣፋጩን ይደረድራሉ፣ ቢጂ ከባባ ሥዕል ሥር ወንበር ላይ ናቸው። ራምዳኒ ከፊት መስመር ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ፑልማቲ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፣ አልተቀመጠችም። ማሽኖቹ ሁሉ ቢጫ አበባ ለብሰዋል። መሞረጃው ድንጋይ ሳይቀር ትንሽ ጉንጉን አንገቱ ላይ አለው። ጸሎቱ ተደረገ፣ ኮኮናት ተሰበረ፣ ቀይ ክር በየእጁ ታሰረ። ከዚያ ሱርጃን ተነሳና ጥምጣሙን ነካ ነካ አድርጎ ጀመረ። ስለ ባባ ቸርነት ተናገረ። ይህች ፋብሪካ አንድ ቤተሰብ መሆኗን ተናገረ። በቤተሰብ ውስጥ አደጋ እንደሚደርስ፣ እጅ እንደሚያረጅ፣ ያረጀ እጅ ማረፍ እንዳለበት ተናገረ። «ወንድሜ ጉርሜል ብዙ ደክሟል» አለ። «ከነገ ጀምሮ እቶኑ...»

ጉርሜል ተነሳ። መሞረጃው ድንጋይ ጋ ሄደና ጉንጉኑን ቀስ ብሎ አውልቆ ፕሬሱ ላይ ሰቀለው። ማንም ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልገባውም። ማብሪያውን ሲጫን ድንጋዩ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጮኸ፤ ያ ጩኸት በዝምተኛው ከተማ ላይ እስከ ሦስተኛው ጎዳና ሳይሰማ አልቀረም። አንድ ሠራተኛ «ዋሄጉሩ!» ብሎ አምላኩን እየጠራ ጆሮውን ያዘ። የሱርጃን ሚስት ሳህን ጣለች።

«ጌላ! አብደሃል? ዛሬ?» አለ ሱርጃን።

ጉርሜል መጀመሪያ የላላን ቁራጭ አስነካ። ብልጭታው አጭር ነው፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ፤ ከድንጋዩ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይሞታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ጠራጊዋም ታውቃለች። የዳይ ብረት ብልጭታ ቁጥብ ነው። ከዚያ የአረንጓዴውን ብረት ቁራጭ በሁለት እጁ አንስቶ አስነካ። ቢጫ እሳት ተስፈነጠረ፤ ረጅም፣ ብሩህ፣ ጫፉ ላይ ኮከብ ኮከብ እያለ የሚፈነዳ፤ ትናንት ማታ ልጆች ደጅ ላይ እንደተኮሱት የዲዋሊ ርችት ያለ። ክፍሉን አቋርጦ የሱርጃን ነጭ ልብስ ድረስ ሄደ። ሱርጃን ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሠራተኞቹ አንዱ አንዱን አላየም፤ ሁሉም ድንጋዩን ነው የሚያየው።

«የመኪና አክስል!» ብሎ ጮኸ ጉርሜል ከድንጋዩ ድምፅ በላይ። «የለመንኩት ብረት ይሄ ነው! በዚህ ነው ዳይ የሠራሁት! የሰው ዓይን ውስጥ የገባው ይሄ ነው!»

«ነጋዴው አታሎኝ ነው እንጂ እኔ...»

«ነጋዴው በራችንንም ቀብቶልናል?» ጨርቁን አውጥቶ ወረወረለት። ደረቱን መታውና ነጩን ልብስ አረንጓዴ አስነክቶት ወደቀ። «ሂድ ለጥፈው! በርህ ላይ ለጥፈህ እየው! ይህን ሁሉ ጊዜ እጄን ሳይ አየኸኝ አይደል? እንቅልፍ ሳጣ አየኸኝ አይደል? ምን አልክ? ካርቶን ያጣብቅ አልክ!» ዕድሜ ልኩን አንቱ ያለውን ሰው አንተ ማለቱን ያስተዋለው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ደስ አለው።

ሱርጃን ፊቱ ነጣ። ግን ብልህ ሰው ነው፤ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «አያችሁ?» አለ። «ስለ ብረት በኋላ እንነጋገራለን። ብረት ይቀየራል። የባባን ጉንጉን ከመሣሪያ ላይ የሚያወልቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በዚህ ቀን፣ በእናቱ ፊት? በዚህ ቤት ላይ ምን እንዳመጣብን ታያላችሁ!» ከኋላ ረድፍ ማጉረምረም ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ሁለት ጆሮውን ይዞ ይቅርታ ይለምን ጀመር፤ ሌላውም ተከተለው። ጉርሜል ዓይኑን ማመን አቃተው። የሰው ዓይን ሲጠፋ ጆሮውን የያዘ አልነበረም።

ቢጂ ተነሱ። በቀስታ መጡና ጉርሜልን በጥፊ መቱት። ከዚያ ማብሪያውን አጠፉና እጃቸውን እላዩ ላይ እንዳደረጉ ቆሙ። «ዛሬ ጌላ?» አሉ። «ሌላ ቀን አልነበረም?» ድንጋዩ በራሱ ጊዜ እየዞረ፣ እየቀዘቀዘ፣ እያጉረመረመ ቆመ። ጉርሜል እናቱን አየ። ጠዋት ዝም ብለው እንደነበር፣ አሁን ግን እጅ እንዳገኙ አሰበና ጉንጩ ሳይሆን ሌላ ቦታው ታመመ። ሱርጃን የልብሱን እድፍ በመሀረብ እየጠረገ፣ «እሺ፣ ጣፋጩ ይታደል» አለ። የሱርጃን ሚስት ካርቶን አነሳች።

ያኔ ራምዳኒ ተነሳ። የግራ እጁን ዘርግቶ ፕሬሶቹን እየዳሰሰ፣ አበባዎቹን እየነካ፣ እስከ ድንጋዩ ድረስ መጣ። ማንም መንገድ አልመራውም። አንገቱን አዙሮ ደህናውን ዓይኑን ከድንጋዩ ትይዩ አደረገና ሱርጃንን ሳያይ፣ ቢጂንም ሳያይ ተናገረ።

«ሚስትሪጂ፣ ይድገሙት» አለ። «እኔ ግማሹን ነው ያየሁት።»

ቢጂ እጃቸውን ከማብሪያው ላይ አነሱ።